ወላጆቻችንን በደልዳላው መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባታችን ያዕቆብ ከብዙ ዘመን መለያየት በኋላ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ ዔሳው አብረው እንዲጓዙ ጠይቆት ነበር። ዔሳው አራት መቶ ሰዎችን ያስከተለ ብርቱ አዳኝ ነው። ያዕቆብ ግን ግብዣውን በትሕትና አለፈው። ልጆቹ ገና ለጋ መሆናቸውን፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞች እንዳሉት፣ አንድ ቀን እንኳ በችኮላ ቢነዱ መንጋው እንደሚያልቅበት ነገረው። እርሱ በእንስሳቱና በሕፃናቱ እርምጃ ልክ ቀስ እያለ መከተልን መረጠ (ዘፍ. 33፥13-14)። ያዕቆብ የጉዞውን ፍጥነት የወሰነው በራሱ ጉልበት ሳይሆን ከመካከላቸው በደከመው አቅም ነው።

ወላጆቻችንም እኛን ያሳደጉን በዚሁ ሥርዓት ነው። ትንሽ እግራችን እስኪደርስ ቆመው ጠብቀውናል፤ ሲደክመን አዝለውናል። አሁን ግን ዘመኑ ተገልብጧል። እኛ ጎለመስን፤ እነርሱ ደከሙ። ታዲያ ፍጥነታችንን በማን እርምጃ ልክ እናድርገው?

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ለአንዳንዶች ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ከእናት ወይም ከአባት ጋር፣ ለጀማሪ በሚመች ደልዳላ መንገድ ላይ፣ በዝግታ ብስክሌት ስለ መንዳት ነው። እንደ እኔ እምነት ይህ ከጨዋታ የሚያልፍ ነገር ነው። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ በዘመናችን ከሚፈጸምባቸው መንገዶች አንዱ ጊዜን ሰጥቶ በእነርሱ እርምጃ ልክ መጓዝ ነውና።

ሐዲድ ያስተካከለው መንገድ

ባቡር ብርቱ ቢሆንም አቀበት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚሽከረከር ቁልቁለትና አቀበት ሲበዛ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሐዲድ የሚዘረጉ ሰዎች በመቶ ሜትር ርቀት ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር የበለጠ ከፍታ እንዳይኖር ይጠነቀቃሉ። ተራራውን ይዞሩታል፤ ጉብታውን ይቆርጡታል፤ ጎድጓዳውን በአፈር ይሞሉታል፤ ሸለቆውን በድልድይ ይሻገሩታል።

የእኛም አገር የባቡር ታሪክ በዚህ ድካም የተሞላ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ለገሃር ላይ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ከተማ ለመውጣት 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ አስፈልጓል። ከባድ ጭነት እንዲወጣ መንገዱ መርዘምና መለሳለስ ነበረበት። አቋራጭ ቢፈለግ ኖሮ ባቡሩ ባልወጣ ነበር።

በሌላው ዓለም ባቡር ሥራውን ባቆመባቸው ስፍራዎች ሐዲዱ ተነቅሎ መደቡ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድነት ተለቅቋል። እንዲህ ያለው መንገድ ለጀማሪ፣ ለልጅና ለአረጋዊ ይመቻል፤ መኪና አይገባበትም፤ አቀበቱም እስትንፋስ አያሳጥርም። ከመቶ ዓመት በፊት ለከባድ ጭነት ተብሎ የተለሳለሰው መሬት ዛሬ ለደካማ ጉልበት ይጠቅማል። ነቢዩ ኢሳይያስ የጌታ መንገድ ሲዘጋጅ ሸለቆው እንደሚሞላ፣ ተራራው ዝቅ እንደሚል፣ ጠማማው እንደሚቃና ተናግሯል (ኢሳ. 40፥3-4)። ሊቃውንቱ ይህን በንስሐና በትሕትና ይተረጉሙታል። እኔም ከዚያ ሳልወጣ አንዲት ነገር ልጨምር፤ መንገድ ማስተካከል ምንጊዜም የብርቱው ሥራ ነው፤ የሚጠቀመውም ደካማው ነው።

ከጭድ ተራ እስከ ቦሌ ጎዳና

የመርካቶን ጭድ ተራ የሚያውቅ ሰው በዚያ ብስክሌት መንዳት እንደማይታሰብ ያውቃል። ተሸካሚው «ዞር በሉ» ይላል፤ የጭነት መኪናው ወደ ኋላ ይመጣል፤ ጋሪው ይገፋል፤ ነጋዴው ዕቃውን እስከ መንገዱ ያወጣል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡር በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ በኩል ያልፋል፤ ነገር ግን በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው ጎዳና በታክሲና በጭነት መኪና የተጨናነቀ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም።

ለእኛ የባቡር መንገድ ያህል የሚደላደለውን ስፍራ የሰጠን ሌላ ሥራ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በታደሱት ጎዳናዎች ዳር ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ የሚወስደው ከእነዚህ አንዱ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው ቁልቁለት ለጀማሪ ያስፈራል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ያለው ግን ረጋ ያለ ነው።

በዚህ መስመር ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴን ይዣቸው ወጣሁ። አባቴ በልጅነታቸው ከገጠር መጥተው በጭድ ተራ በሸክም የጀመሩ፣ እስከ ዛሬም ከመርካቶ ያልወጡ ሰው ናቸው። ብስክሌት የነዱት ያኔ፣ በሳንቲም እየተከራዩ፣ በሰፈር ሜዳ ላይ ነበር። ከጎረቤት የተዋስነውን ብስክሌት ሲያዩ ሳቁና «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልታስቅብኝ ነው?» አሉኝ። «አባዬ፣ ካልወደዱት እንመለሳለን» አልኳቸው። እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ጥቂት ሄዱ። ከዚያም ሚዛናቸው ተመለሰ።

የነዳነው ሩቅ አይደለም፤ ፈጥነንም አልሄድንም። ነገር ግን በዚያች አንዲት ሰዓት የሰማሁትን በቤት ውስጥ በሃያ ዓመት አልሰማሁትም። አዲስ አበባ በገቡ በመጀመሪያው ክረምት በአንድ ሰው መጋዘን ውስጥ በጭድ ክምር ላይ ያድሩ እንደ ነበር፣ ጭዱ ከብርድ እንደ ጠበቃቸው፣ ጠዋት ሰው ሳያያቸው ጭዱን ከፀጉራቸው እያራገፉ ቅዱስ ራጉኤል ደጅ ይሳለሙ እንደ ነበር ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ወደ ድሬዳዋ በባቡር ሲሄዱ በአቀበቱ ላይ ባቡሩ ከመዝገሙ የተነሣ ጎረምሶች ዘለው እየወረዱ ተመልሰው ይሳፈሩ እንደ ነበርም አጫወቱኝ። «ያ ባቡር ቀርፋፋ ነበር፤ ግን ማንንም ጥሎ አይሄድም» አሉ።

ይህ ወሬ በቤት ለምን አልተነገረም? በቤት ፊት ለፊት ስንቀመጥ በመካከላችን ቴሌቪዥን አለ፤ ስልክ አለ፤ የወሩ ወጪ አለ። በመንገድ ላይ ግን ሁለቱም ወደ ፊት ይመለከታሉ፤ ዝም ማለትም አያሳፍርም፤ ያየነው ዛፍና ያለፍነው ሕንፃ ወሬውን ራሱ ይጠራዋል። እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ወላጆች ሕጉን ለልጆቻቸው በቤት ሲቀመጡ ብቻ ሳይሆን በመንገድም ሲሄዱ እንዲያስተምሩ አዟል (ዘዳ. 6፥7)። ልጆችም አባቶቻቸውን ስለ ቀደመው ዘመን እንዲጠይቁ ታዝዘዋል (ዘዳ. 32፥7)። አባት የሚነግርበት፣ ልጅም የሚጠይቅበት መንገድ ከሌለ እነዚህ ሁለት ትእዛዛት የት ይገናኛሉ?

ጭድ ሳይሰጡ ጡብ መጠየቅ

ፈርዖን እስራኤልን ባስጨነቀ ጊዜ ለጡብ ሥራ ይሰጣቸው የነበረውን ጭድ ከለከላቸው፤ የጡቡን ቍጥር ግን አላጎደለላቸውም (ዘፀ. 5፥7-8)። ለጭድ ተራ ሰው ይህን ታሪክ ማብራራት አያሻም። ጭቃ ያለ ጭድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጭቃው ውስጥ ተደባልቆ የማይታየው ጭድ እንደ ጅማት ሆኖ ግድግዳውን ይይዘዋል። የፈርዖን ክፋት ሥራ ማዘዙ ብቻ አልነበረም፤ የሚያያይዘውን ነፍጎ የሚታየውን መጠየቁም ነበር።

ያዕቆብና ፈርዖን ሁለት ዓይነት አመራርን ያሳዩናል። አንዱ ፍጥነቱን በደካማው ልክ ያደርጋል፤ ሌላው የደካማውን ድጋፍ ወስዶ ፍጥነቱን እንዳለ ይጠብቃል። እኛ ወጣቶች በቤታችን የማንን መንገድ ይዘናል? ከወላጆቻችን የምንጠይቀው ጡብ ብዙ ነው፤ የትምህርት ወጪ፣ ልብስ፣ ስልክ፣ የበሰለ ምግብ፣ ሌሊት ስንገባ የሚከፈት በር። የምንሰጣቸው ጭድ ግን ምንድን ነው? አብሮ መብላት ጭድ ነው። የተደገመ ታሪካቸውን እንደ አዲስ መስማት ጭድ ነው። በዝግታቸው ልክ አብሮ መጓዝ ጭድ ነው። አይታይም፤ ቤቱን የሚይዘው ግን እርሱ ነው።

ጠቢቡ ሲራክ ልጅ አባቱን በእርጅናው እንዲረዳው፣ ማስተዋሉ ቢቀንስ እንኳ እንዲታገሠው፣ በጉልበቱም ተመክቶ እንዳይንቀው ይመክራል (ሲራ. 3፥12-13)። የወጣት ጉልበት ለንቀት ቅርብ መሆኑን ጠቢቡ ያውቃል። ወላጁ ስልኩን መክፈት ሲያቅተው «ስንት ጊዜ ልንገርህ» የሚል ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈጥኖ ስለ ለመደ ነው። ብስክሌት ላይ ግን ከወላጅህ ቀድመህ መሄድህ ወዲያው ይታያል፤ ዘወር ስትል ከኋላህ የሉምና። ዝግታን ለመማር ከዚህ የሚሻል መምህር ብዙ የለም።

«አገልግሎት አለብኝ»

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ናቸው። የአንድ አገልጋይ እሑድ ከሌሊት ይጀምራል፤ ማኅሌት፣ ኪዳን፣ ቅዳሴ፣ ከዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር፣ ከሰዓት በኋላ የመዝሙር ጥናት፣ ማታ የክፍሎች ስብሰባ። በመርካቶ የሚሠራ ወላጅ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ያለችው ዕረፍት ያቺው እሑድ ብቻ ናት። ስለዚህ ወላጅ በቤት በሚሆንበት በዚያው ቀን ልጁ በቤት የለም። «እማዬ፣ አገልግሎት አለብኝ» የሚለው ቃል ሲደጋገም እናት መልስ አታገኝለትም፤ በእግዚአብሔር ስም የተነገረን ምክንያት ማን ይከራከረዋል?

ጌታችን ግን ተከራክሮታል። ለወላጅ ሊሰጥ የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው የሚከለክሉትን፣ በወግ አሳበው የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የሚሽሩትን በግልጽ ገሥጿቸዋል (ማር. 7፥9-13)። ያ ገንዘብ ነበር፤ የእኛ ጊዜ ነው። ጌታችን የዓለምን ድኅነት በመስቀል ላይ ሲፈጽም፣ በዚያ ሁሉ ሕማም መካከል፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷታል (ዮሐ. 19፥26-27)። ከዚያ የሚበልጥ አገልግሎት ያለበት ከመካከላችን ማን ነው?

ይህን የምለው አገልግሎትን ለማቃለል አይደለም። ቅዳሴ በምንም አይለወጥም። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን «መንገድ ለሰው» በሚል መንገዶች በእሑድ ጠዋት ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፈቱ ብዙዎች ተደስተዋል፤ ለኦርቶዶክሳዊ ግን ጠዋቱ የጸሎት ሰዓት ነው። ወላጁን ከቅዳሴ አስቀርቶ ወደ ብስክሌት የሚወስድ ልጅ አላከበራቸውም። እኔ የምናገረው ስለ ከሰዓት በኋላው ነው።

«ይህ የሥጋ ልምምድ አይደለምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሐዋርያው የሥጋ ልምምድ ለጥቂት እንደሚጠቅም፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለሁሉ እንደሚጠቅም ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (1ጢሞ. 4፥8)። ጥቂቱን ጥቅም አልካደም፤ ከትልቁ አላስበለጠውም እንጂ። ቀኑን ሙሉ በሱቅ ተቀምጦ ለሚውል የመርካቶ ነጋዴ ጥቂቱም ጥቂት አይደለም። ከዚህም በላይ የዚህ ጉዞ ግብ ጡንቻ ሳይሆን ትእዛዙን መፈጸም ነው።

በባዕድ አገር ላሉ

ጽሑፎቻችንን ከውጭ ሆነው የሚከታተሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ብዙዎቹ የልጅ ልጅ እንዲያሳድጉላቸው ወላጆቻቸውን ወስደዋል። ልጆቹ በሁለት ሥራ ሲሮጡ እናት ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ በአፓርታማ ውስጥ፣ መስኮት ስታይ ትውላለች። ከጭድ ተራ ጎረቤቶቿ ተለይታ፣ ቡና የሚጠጣላት ሰው አጥታ፣ «ደኅና ነኝ» እያለች።

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን የተባለ አሮጌ የባቡር መስመር ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ አቆመ፤ መደቡ ቀስ በቀስ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1988 እስከ ፐርሰልቪል ደረሰ። ከአርሊንግተን ሸርሊንግተን ተነሥቶ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የተነጠፈም ነው። እናት ብስክሌት ባትደፍር በእግሯ ትሂድ፤ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ከጎኗ ይሁን። አገር የለቀቀችው ለእናንተ ብላ ነውና በሳምንት አንዲት ሰዓት የእርሷን እርምጃ ተራመዱላት።

እንዴት እንጀምር?

ከልምድ ያየሁትን በአጭሩ ልናገር። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ወላጆች አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ኮርቻው ዝቅ ይበል፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ሲነኩ ፍርሃት ይቀንሳል። መጀመሪያ ፔዳሉን ትተው መሬቱን በእግራቸው እየገፉ ሚዛን ይለማመዱ። ነጠላ ከሰንሰለቱ ጋር እንዳይጠመጠም ታጥፎ ይያዝ፤ የሱሪም ጫፍ ይሰብሰብ። ሄልሜት ለወላጅም ለልጅም ያስፈልጋል፤ ልጅ ካላደረገ ወላጅ አያደርግም።

ወላጅ ከፊት ይሁን፤ ልጅ ከኋላ ይከተል። ይህች ትንሽ ሥርዓት ብዙ ነገር ትለውጣለች፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት ያለው ነውና። መስመሩ ሰፋ ሲል ብቻ ጎን ለጎን ሁኑ። መመለሻውንም አስቡ፤ ከቦሌ ወደ መስቀል አደባባይ ሲመለሱ መንገዱ በጥቂቱ ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወላጅ ሳይደክም ተመለሱ። ስልክ በኪስ ይቆይ። ፎቶ ማንሣት ካስፈለገ መጨረሻ ላይ አንድ ይበቃል። ብስክሌት የሌለውም አይዘን፤ የእግር ጉዞም ይህንኑ ሁሉ ይሰጣል።

ለሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን አመራሮችም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የመዝሙር ጥናትም ስብሰባም አይያዝ፤ «የወላጆች ሰንበት» ተብሎ እያንዳንዱ አባል ከወላጁ፣ ወላጅ የሌለውም ከአሳደገው ሰው ወይም ከሰፈሩ አረጋዊ ጋር ይዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የሰማውን አንድ ታሪክ ለክፍሉ ይንገር። ከሠላሳ አባላት ሠላሳ የቤት ታሪክ እንሰማለን፤ የመርካቶ አባቶችና እናቶች ይዘውት ሊያልፉ የነበረው ይቀርልናል።

በመጨረሻ አንድ ነገር አስተውሉ። ጠማማውን የሚያቀናው፣ ጎድጓዳውን የሚሞላው የመንገድ ጠራጊ ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ነው (ሉቃ. 3፥4-5)። ስለ እርሱ መልአኩ ለዘካርያስ የነገረው ሌላው ነገር ደግሞ የአባቶችን ልብ ወደ ልጆች እንደሚመልስ ነው (ሉቃ. 1፥17)። መንገድ ማቅናትና ልብ መመለስ ለአንድ ሰው የተሰጡ አንድ ሥራ ናቸው። እኛም የወላጆቻችንን መንገድ ባደላደልን ቍጥር በዚህ ሥራ ጥቂት ተካፋዮች እንሆናለን። ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው፤ የወላጅ ጉልበት ዓመት በዓመት ይቀንሳልና ለሚመጣው ዓመት ያልነው እሑድ ላይገኝ ይችላል።

እግዚአብሔር አምላክ የወላጆቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን፤ ያረፉትንም በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም በእነርሱ እርምጃ ልክ የምንጓዝበትን ትዕግሥት ያድለን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ራጉኤል ጠባቂነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር